የአጎቴ ቤልጅግና የሶፊዋ ጊደር

ከሐረር የተመለስኩት ባዶ እጄን ነው። አጎቴ ጠብመንጃቸውን ሊያወርሱኝ ጠርተውኝ ሄጄ፣ ስመለስ በቦርሳዬ የነበረው ለጎረቤት የገዛሁት ለውዝና ያላለቀ የተልባ ዘይት ብቻ ነበር። እዚህ ደብረ ብርሃን ያሉ ወዳጆቼ ስለ ግንቡና ስለ ጅቦቹ እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። ግንቡን በጥድፊያ አለፍኩት፤ ጅብ የሚባል ነገር አላየሁም። ያየሁትን ግን ከመነሻዬ ጀምሬ ልንገራችሁ።

አጎቴ ጋሽ ታደሰ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤተሰቡ ከሸዋ ወርዶ ሐረር ከሰፈረ ብዙ ትውልድ ሆኖታል። እናቴ ተድራ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመጣ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን የምከርመው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ጠብመንጃውን የማውቀውም ያኔ ነው። የዛሬ ወጣት ቤልጅግ ሲባል ላያውቀው ይችላል፦ ግማሹ እንጨት ግማሹ ብረት የሆነ አምስት ጎራሽ የድሮ መሣሪያ ነው። አንዴ ከተኮሱ በኋላ ማቀባበያውን በእጅ አንስተው፣ ወደ ኋላ ስበው፣ ወደ ፊት ገፍተው ካልቆለፉት ሁለተኛ አይተኩስም። ጋሼ ከአባታቸው የወረሱት ሲሆን ፈቃዱን እያሳደሱ ኖረዋል። ሲወለውሉት አጠገባቸው ተቀምጬ ጨርቅ አቀብላቸው ነበር። አንድ ቀን የእኔ እንደሚሆን ለማንም ሳልናገር ስመኝ አድጌአለሁ።

በጥቅምት ደወሉልኝ። ጉልበታቸው እየደከመ እንደሆነ፣ ወንዶቹ ልጆቻቸው እንደማይፈልጉት፣ ሰደፉም እንደተሰነጠቀ ነገሩኝ። «አንተ እንጨት ታውቃለህ፤ መጥተህ አድነውና ውሰደው» አሉኝ። እኔ የቤት ዕቃ ሠሪ ነኝ። መሮዬን፣ ሞረዴን፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላና የተልባ ዘይት በቦርሳ ከትቼ፣ ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ ተነሣሁ።

ከደብረ ብርሃን ስወጣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነበር። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤአለሁ። አዲስ አበባ አድሬ በማግስቱ ገና ሳይነጋ የሐረሩን አውቶቡስ ያዝኩ። አዋሽ ስንደርስ የደረብኩትን ሁሉ አውልቄ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ከቤት ይወጣል፤ እዚያ ሰው ሁሉ የግድግዳ ጥላ ተጠግቶ ይቆማል።

በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ መሮዬን አውጥቶ እያገላበጠ ምን እንደምሠራበት ጠየቀኝ። አናጢ ነኝ ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ይኼኔ አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ የሂርና ነጋዴ ጣልቃ ገቡ። ይኼ ሰውዬ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስለ ወንበር እግር ሲያወራ ጆሮዬን አድክሞኛል፣ ሌላ ሥራ ሊኖረው አይችልም አሉት። ፈታሹ ስቆ መሮውን መለሰልኝ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ፤ ግን ለመሮ እንዲህ ከሆነ ለጠብመንጃ ምን ሊባል ነው የሚል ሐሳብ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሰበ ተፈሪን አልፈን አቀበቱ ላይ አውቶቡሱ ተበላሸ። ረዳቱ ታች ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ጥቀርሻ ሆኖ፣ የሚቀየረው ዕቃ ጠዋት ካልሆነ እንደማይመጣ ነገረን። የምሄድበት አጣሁ። ወይዘሮ ዘይነባ በአንድ አይሱዙ ላይ አሳፍረው ሂርና እህታቸው ቤት ወሰዱኝ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን ለእኔ ለቀቁልኝ። ለራሳቸው የሥጋ ወጥ ተሠርቶ ነበር። ስሜ ስንታየሁ መሆኑን ከሰሙ በኋላ ግን ምንም ሳይጠይቁኝ ለብቻ ንጹሕ መጥበሻ አውጥተው እንቁላል ጠበሱልኝ። ክርስቲያንና እስላም አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ ማንም አይናገረውም፤ በዝምታ ይስተካከላል። እኛ ዘንድ እንግዳ «ብላ፣ ብላ» እየተባለ ይጨነቃል። እነሱ ሳህኑን አስቀምጠው ተዉኝ፤ ጎድሎ ሲያዩ ብቻ ጨመሩበት።

በማግስቱ አውቶቡሱ ተጠግኖ መጣና ከሰዓት በኋላ ሐረር ገባሁ። ባጃጅ ይዤ ጋሼ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ፈላና በር ወረድኩ። የጋሼ ቤት እንደ ልጅነቴ ነው፤ ግቢው ብቻ ጠብቧል። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው አስናቀች ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷን ይዛ የምትኖረው እሷ ናት። የዚያን ቀን ውሃ መጥቶ ስለነበር ጀሪካኖቹን እየሞላች ነው ያገኘኋት። እኔም ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ማገዝ ጀመርኩ።

ጋሼ ከውስጥ ድምፄን ሰምተው ወጡ። ጉንጬን ከሳሙኝ በኋላ ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱት። እናቴን እንደምመስል ተናገሩ። ዓይናቸውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ሁለቱም ላይ እንደ ደብረ ብርሃን ጉም ያለ ነገር ተኝቶበታል። ኋላ አስናቀች ለብቻዬ ነገረችኝ፤ የዓይን ሞራ ነው፣ ሐኪሙ በአጭር ጊዜ የሚነሣ ቀላል ነገር ነው ብሏታል፣ እሳቸው ግን ዓይኔን ስለት አላስነካም ብለው ዓመታት አልፈዋል። እንደማያዩም ለሰው አያምኑም። መንገዱን፣ በሩን፣ የሰውን ድምፅ ስለሚያውቁ ማንም ልብ አይላቸውም።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ጠይቃ ነበር፤ ጠብመንጃው ወደ እኔ ስም ሊዛወር የሚችለው ከሐረርም ከደብረ ብርሃንም ፈቃድ ከመጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ከከተማው አይወጣም። ይህን ማንም በስልክ አልነገረኝም። ቅር አለኝ። ጋሼ ግን ወረቀቱ እንደሚደርስ፣ ቀድሞ እንጨቱ እንዲድን ተናገሩና ወደ መኝታ ቤታቸው ገብተው በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ይዘውልኝ ወጡ።

የቀጣዩን ቀን ግቢ ውስጥ ሰደፉን ስጠግን ዋልኩ። ስንጥቁ ከሰደፉ አንገት ጀምሮ ወደ ታች ወርዷል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በሽቦ አስሮት ነበር። ሽቦውን ፈትቼ፣ ቆሻሻውን ጠርጌ፣ ኮላ አስገብቼ በጨርቅ አጥብቄ አሰርኩት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩትና ዘይት አጠጣሁት። እንጨቱ ዘይቱን ሲጠጣ የማላውቀው መልክ ወጣው፤ እንደ ጥቁር ማር ሆነ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ስንጥቁ የት እንደነበር ማግኘት አቃታቸው። ደስ አላቸው።

የአደን ወሬ የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። አደን የሚወጡት ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሶፊ ከሚኖሩት ገበሬ ከሼህ ኡመር ጋር። አጋዘን ወይም ሚዳቋ ሲወድቅ ጥያቄው ማን ይባርከው ነው። ጋሼ በስመ አብ ብለው ካረዱት የኡመር ቤት አይበላውም፤ ኡመር ቢስሚላህ ካሉበት የጋሼ ቤት አይበላውም። ስለዚህ ገና በወጣትነታቸው ተራ ገቡ። አንዱን ጊዜ ጋሼ አርደው ሥጋው በሙሉ ወደ ፈላና በር ይመጣል፤ ቀጥሎ ኡመር አርደው ወደ ሶፊ ይሄዳል። ዕድሜ ልካቸውን አብረው አድነው ከአንድ እንስሳ አንድ ጊዜም አብረው ቆርሰው አያውቁም። ተራውም ተዛብቶ አያውቅም። አሁን አደኑ ከቀረ ቆይቷል፤ አጋዘኑም የለም፣ ሕጉም አይፈቅድም፣ ጥይቱም ከየትም አይገኝም። የቀሩት ጥይቶች በወተት ጣሳ ውስጥ ነበሩ፤ ቀለሃቸው አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። አርጅተዋል ስላቸው፣ «እኔስ? እሠራ የለም እንዴ» አሉኝ።

ማታ ሼህ ኡመር ደወሉ። ከርከሮ ለውዛቸውን ከሥሩ እየገለበጠ ሊጨርሰው ነው፤ ለቀበሌው ነግረው ተፈቅዶላቸዋል። የሰፈሩ ሚሊሻ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ የሚተኩስላቸው ሰው የለም። ጋሼ ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። አስናቀች እንዳይሄዱ ብዙ ለመነቻቸው። እኔም ተኳሹ እኔ ልሁን አልኳቸው። ጠብመንጃው በስምህ አይደለም፣ ሕግ ነው ብለው አፌን ዘጉኝ። የመጨረሻዬ ትሁን ሲሉ ግን ድምፃቸው ለመነን፤ እሷም እኔም ተረታን።

በማግስቱ ከኤረር በር ወጥተን በመኪና፣ ከዚያም በእግር ወደ ሶፊ ሄድን። የእኛ አገር በጥቅምት ገብስና ሜዳ ነው፤ ዓይን እስከ ሩቅ ይሄዳል። ሶፊ ግን ጫቱ በረድፍ፣ ማሽላው በረድፍ፣ በመካከሉ ለውዙ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ሁሉም ነገር ቅርብ ለቅርብ ነው። ጋሼ ክንዴን ይዘው መንገዱን ለእኔ ይነግሩኝ ነበር፤ እዚህ ጋ ዋርካ አለ፣ እዚያ ጋ ድንጋይ አለ። ዋርካው ግን ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። አልነገርኳቸውም።

ሼህ ኡመር ከቤታቸው ርቀው ወጥተው ተቀበሉን። ቀጭን፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ጺማቸው ነጭ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ፤ ከዚያ ያለ ምንም ወግ ስለ ከርከሮው ማውራት ጀመሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ የተቀቀለ ለውዝ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ማርና ወተት አቀረቡልን፤ ከሁላችንም ሃይማኖት ጋር የማይጣላ ማዕድ። ግቢው ውስጥ አንዲት ጥቁር ጊደር ወይዘሮ ፋጡማን እግር በእግር እየተከተለች ታስቸግር ነበር። እናቷ በወለደቻት ሳምንት ሞታባት እሳቸው ወተት በእጃቸው እያጠጡ እንዳሳደጓት ነገሩኝ። ሰው መስላ ነው የምትኖረው፣ ገመድ አይይዛትም ብለው ሳቁ። ያንን ሳቅ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

እዚያው አድረን፣ ሊነጋጋ ሲል ከለውዙ ማሳ ዳር፣ ከተከመረ የማሽላ አገዳ ሥር ተቀመጥን። ሼህ ኡመር ሱብሒን፣ የንጋቱን ሶላት ሰግደው ሊመለሱ ሄደው ነበር። እኔ ከጋሼ በስተቀኝ ነኝ። ብርሃኑ ገና ግራጫ ነው። ከማሳው ወዲያ፣ ከማሽላው ረድፍ በታች ለውዝ ሲነቀል ሰማን፤ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፣ አንድ ዝቅ ያለ ጥቁር ጀርባ ይንቀሳቀሳል። እኔም ከርከሮ ነው ብዬ አምኛለሁ። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይሆን ጆሯቸውን ወደዚያ አዙረው ጠብመንጃውን አነሡ። ቃታውን ሳቡ። ቀጭ ብሎ ቀረ። ጥይቱ ከሽፎ ነበር።

ያቺ የከሸፈች ጥይት ምሕረት ነበረች፤ እኛ ግን አላወቅንላትም። ጋሼ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸው ለዕድሜ ልክ የለመደውን ሥራ ሠራ፤ ማቀባበያውን አነሡ፣ ሳቡ፣ ገፉ፣ ቆለፉ። በዚያች ቅጽበት ጥቁሩ ነገር ቀና ሲል ረጅም ጆሮ ያየሁ መሰለኝ። «ጋሼ፣ ይቆዩ» ማለት ጀመርኩ። ሁለተኛዋ ጥይት አልከሸፈችም።

የጮኸችው እንደ ከርከሮ አልነበረም። ጋሼ ከእኔ ቀድመው ድምፁን ለዩት። ጠብመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ምንድን ናት ብለው ጠየቁኝ። ጊደሯ ናት አልኳቸው።

ሼህ ኡመር ከመስገጃቸው ተነሥተው በባዶ እግራቸው እየሮጡ መጡ። ጊደሯ አልሞተችም፤ ለመነሣት ትሞክራለች። ቢላቸውን መዘዙ። ጎንበስ ካሉ በኋላ ግን ቆም አሉ። ዘወር ብለው ወደ ጋሼ መጡና የቢላውን እጀታ በእጃቸው ላይ አደረጉላቸው።

«ታደሰ፣ ተራው የአንተ ነው» አሏቸው። «ያቺን የመጨረሻዋን አጋዘን የበላነው እኛ ነን።»

የራሳቸው ጊደር ናት። በራሳቸው ማሳ ላይ ነው የወደቀችው። ሰውየው የሚያሾፉም የሚወቅሱም አልነበሩም፤ ከጓደኛቸው ጋር የገቡት ቃል ስለሆነ ብቻ ነው። ጋሼ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ቢላውን መለሱላቸው።

«አንተ ባርካት ኡመር» አሉ በመጨረሻ። «ልጆችህ ይብሏት።»

ሼህ ኡመር ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር ብለው አረዷት።

የተኩሱን ድምፅ ሰምቶ ጎረቤት ተሰበሰበ። ወይዘሮ ፋጡማም መጡ። ጊደሯን አዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። በእኛ በእንግዶቹ ፊት አላለቀሱም። ሼህ ኡመር ለተሰበሰበው ሰው በኦሮምኛም በአማርኛም ጊደሯ ከርከሮ አስደንግጧት እግሯን እንደሰበረች፣ እንዳትሠቃይ ተኩስ ያሉትም እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። ሰው አመነ፤ ወይም ያመነ መሰለ። ነገሩ በዚሁ ሊያልፍ ይችል ነበር። ጋሼ ግን ክንዴን ይዘው ተነሡ።

«አይደለም» አሉ። «እሱ ሊሸፍነኝ ነው። እኔ ዓይኔ አያይም። ካላየ ብዙ ጊዜው ነው። ከርከሮ መስላኝ ነው የተኮስኩት። ሰው ቢሆንም እተኩስ ነበር።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ልጃቸውም ብትሆን። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው አሉና ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ቢላ ፍለጋ ሄዱ፤ ሥጋው መከፋፈል ነበረበት። ጋሼ ጥይቶቹን አውጥተው ጠብመንጃውን ለእኔ ሰጡኝ። ወደ ከተማ ስንመለስ ሼህ ኡመር እስከ መኪናው ድረስ ክንዳቸውን ይዘው ሸኟቸው። የጊደሯ ነገር ተነሥቶ ጋሼ እተካለሁ ሲሉ፣ እሷን የሚተካ ገበያ ላይ የለም፣ ተወው አሏቸው። ክፋት አልነበረበትም። ግን እውነት ስለነበር ከስድብ በላይ ጎዳቸው።

አስናቀች ጠብመንጃው ከቤት እንዲወጣ ዓመታት ስትለምን ኖራለች። የዚያን ቀን ጋሼ ነገ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ ሲሏት ግን ማጀት ገብታ አለቀሰች። ጠዋት ለቁርስ ፈጢራ ገዝታ አመጣችልን፤ ሦስታችንም ቆርሰን ተውነው። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ከረባት አሰሩ። ጠብመንጃውን በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ እኔ ያዝኩት፤ እሳቸው ከዚያ ጠዋት ወዲህ አልነኩትም። ሰፈሩ ያውቃቸዋልና በመንገድ ላይ የሰላምታው ብዛት አላስኬደንም። ለእያንዳንዱ ቆመው መለሱ። ወዴት እንደሚሄዱ ለማንም አልተናገሩም።

በጣቢያው የተቀበለን መኮንን ወጣት ነው። የሆነውን ሁሉ ጋሼ ራሳቸው ነገሩት። በጥሞና ሰማቸውና ከባለ ጊደሯ ጋር ተስማምተው እንደሆነ ጠይቆ ሼህ ኡመር ጋ ደወለ፤ ክስ እንደሌለም አረጋገጠ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገልጦ መሣሪያውን ሲያይ ሰደፉን እየዳሰሰ እንዴት ያለ እንጨት ነው አለ። ወደ እኔም ዞሮ፣ የእህት ልጅ ከሆንኩ ማመልከቻ አስገብቼ ፈቃዱ እስኪመጣ እዚያው በአደራ ሊቀመጥልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ጠበቁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ነገር ጠረጴዛው ላይ ነበር። እኔ ግን ይታየኝ የነበረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉት ወይዘሮ ፋጡማ ናቸው። አልፈልግም፣ ይቅር አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው ለማወቅ ፊታቸውን ብመረምርም ያ ጉም አላሳይህ አለኝ። ልክ መሆኔን እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሱቄ ውስጥ እንጨት ዘይት ሳጠጣ፣ እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

በማግስቱ ተነሣሁ። በመልሱ መንገድ ምንም አልገጠመኝም፤ አውቶቡሱም አልቆመም፣ ፈታሾቹም መሮዬን አይተው አለፉት። ደብረ ብርሃን ስገባ ብርዱ እንደ ዘመድ ተቀበለኝ።

ከገና በኋላ አስናቀች ደወለች። ጋሼ ራሳቸው ውሰጂኝ ብለዋት የሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ተነሥቶላቸዋል። ስልኩን ተቀበሏትና ከእኔ ጋር አወሩ። በመጀመሪያ የጎረቤታቸውን በር ቀለም፣ ከዚያ የአስናቀችን ሽበት ነገሩኝ። ካዩ በኋላ መጀመሪያ የሄዱት ሶፊ ነው።

«ኡመር አርጅቷል፣ ስንታየሁ» አሉኝ። «ጀርባው ጎብጧል። እኔ አጠገቡ ስቀመጥ አየው የነበረው የድሮውን ኡመር ነው። ማንም አልነገረኝም።»

ከዚያ፣ ይኼን ዓምና ባደርገው ኖሮ ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ወይዘሮ ፋጡማስ እንዴት ናቸው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ደህና ናት ይላሉ» አሉ ጋሼ። «እሷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።»